ከጣርማበር በፊት፦ ከጓደኞች ጋር የአንድ ቀን የአነዳድ ሥልጠና በደብረ ብርሃን

ከሁለት ዓመት በፊት አራት ሆነን ለሰርግ ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ፣ ደብረ ሲና ከመድረሳችን በፊት የፍሬኑ ፔዳል ለሰለሰ። ቢረገጥ ቢረገጥ የሚይዘው ነገር ጠፋ፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መኪናውን ሞላው። እንደምንም ዳር ይዘን ቆምን። ከኋላችን ይወርድ የነበረ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ወርደው ጎማዎቹን ዞረው ካዩ በኋላ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጆቼ፣ በስንተኛ ማርሽ ነው የወረዳችሁት?» አራታችንም መንጃ ፈቃድ ነበረን። አንዳችንም ማስታወስ አልቻልንም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ፣ በየዓመቱ አንድ እሑድ፣ አሠልጣኝ ይዘን ደብረ ብርሃን ላይ የሥልጠና ቀን አድርገናል። ቀጥሎ ያለው ከሁለቱ ቀናት የተገኘው አሠራር ነው። የአነዳድ ብቃት ሥልጠና ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ፍጥነት ነው፤ እኛ ግን ቀኑን ሙሉ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር አልፈን አናውቅም። የምትማሩት መኪናችሁ የት ላይ እምቢ እንደሚል ነው።

ቀኑና ቦታው

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ይመረጣል። በክረምት ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደው ጣርማበር በጉም ይዋጣል፤ በበልግም ሰሜን ሸዋ ዝናብ አያጣም። ቀኑን እሑድ አድርጉት፤ ግቢዎች ባዶ የሚሆኑት ያን ጊዜ ነው።

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳ ሞልቷል፤ ያ ለጥ ያለ መስክ ግን አያታላችሁ። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ጎማ ይውጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። በዚያ ላይ የሰው ግጦሽ ነው። የምትፈልጉት አስፋልት ወይም በደንብ የተጠቀጠቀ ጠጠር ያለው የታጠረ ግቢ ነው። የፋብሪካ ወይም የመጋዘን የጭነት መኪና ማቆሚያ ለዚህ ምቹ ነው። ርዝመቱ ቢያንስ 200 ሜትር፣ ወርዱ 40 ሜትር ይሁን፤ ምሰሶ፣ ቦይና የተከመረ ዕቃ በአጠገቡ አይኑር። ትንሽ መኪና 60 ለመድረስ ወደ 80 ሜትር ትፈልጋለች፣ ለመቆም ከ20 እስከ 35 ሜትር ትወስዳለች፤ የቀረው ለስሕተት ነው። ስሕተት ደግሞ አይቀርም።

የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ለአካባቢው ፖሊስም አስቀድማችሁ አሳውቁ። ጎማ ሲጮኽ የሰማ ጎረቤት መደወሉ አይቀርም። አውራ ጎዳና ላይ፣ «ሰው የለም» በተባለ መንገድም ቢሆን፣ አንዱንም ልምምድ አትሞክሩ።

መድንን በተመለከተ፣ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ አድርጓል። ሙሉ መድን ያላችሁ ደግሞ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፤ ውድድርንና መሰል አጠቃቀምን ከሽፋኑ የሚያስወጣ አንቀጽ ብዙ ጊዜ ይኖራል። ሥልጠናው በዚያ ውስጥ ይወድቅ እንደሆነ ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

አሠልጣኙን ስትመርጡ ከአሽከርካሪ ማሠልጠኛ የመጣ፣ ከባድ መኪናም የነዳ ቢሆን ይመረጣል። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ግን አይጮኽም ወይ የሚለውን ነው። የሚጮኽ አሠልጣኝ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ዓይን ከመንገዱ ላይ ያነሣል።

መኪናውን ማዘጋጀት

ከቀኑ አንድ ሳምንት በፊት መካኒክ ዘንድ ውሰዱት። የፍሬን ሸራ ውፍረት፣ የጎማ ጥርስ፣ የቸርኬ ብሎኖች፣ የመሪ መጋጠሚያዎች ይታዩ። የፍሬን ዘይት ግን ማየት ብቻ አይበቃውም። ይህ ዘይት በባሕርዩ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን የመፍያ ነጥቡ ወደ 155 ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ሲረገጥ ይታመቃል፤ እግራችን ሥር የለሰለሰው እሱ ነበር። ሁለት ዓመት ያለፈው ከሆነ አስቀይሩት። ለሌላ ነገር ገንዘብ ባይተርፋችሁ እንኳ ይህን አትለፉት።

ጎማ የሚለካው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ነው። ከቆላ ለምትመጡ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ሽቅብ ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ፣ ሸዋ ሮቢት የተነፋ ጎማ ደብረ ብርሃን ላይ ሲለካ ሁለት ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ ንፋስ የሚለካበት መስፈሪያ) ያህል ጨምሮ ይታያል። ቅዝቃዜው ደግሞ በተቃራኒው በየስድስት ዲግሪው አንድ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሌላ ቦታ የተለካውን አትመኑ፤ ልምምዱ በሚደረግበት ቦታ፣ በዚያው ጠዋት፣ በአንድ መለኪያ የሁሉንም መኪና ለኩ። ልኩ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተጽፏል።

ከዚያ መኪናውን አራግፉት። ክሪኩና ትርፍ ጎማው በደንብ ይታሰሩ፤ ሌላው ሁሉ ይውረድ። መቀመጫ ሥር የተረሳ የውኃ ጠርሙስ ተንከባልሎ ፍሬን ሥር ከገባ ጨዋታው ያበቃል። በመጀመሪያው ዓመት አንዱ ጓደኛችን እናቱ የላኩለትን አምስት ኪሎ በርበሬ ኋላ ረስቶት ነበር። በሦስተኛው ጥምዝ ላይ ከረጢቱ ፈነዳ። እስከ ማታ በእንባ ነዳን።

ጠዋቱ

ከአዲስ አበባ የምትመጡ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጋችሁ። ሌሊት ተነሥቶ ከመንዳት ዋዜማውን መጥቶ ማደር ይሻላል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ምላሹ ይዘገያል፣ ቀኑም ስለ ምላሽ ነው። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የገነነ ነው፤ ለሰኞ አቆዩት። በነገራችን ላይ፣ እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አዲስ አበባ ሲገቡ አይተዋል፤ የዚያን ጊዜዎቹ ሾፌሮች መንገዱን ራሳቸው እየጠረጉ ነበር የመጡት።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ መስተዋቱን ይሸፍነዋል። ሙቅ ውኃ አትድፉበት፣ ይሰነጠቃል። ሞተሩን አስነሥታችሁ በቀስታ አሙቁ፤ ልምምዱንም ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ጀምሩ። ቀዝቃዛ ጎማ መሬት አይዝም።

ልብስን በተመለከተ፣ ጋቢ ለቆመ ሰው ነው። ከቀበቶ ሥር ሲገባ ቀበቶው ገላ ላይ አይጠብቅም። ጫማ ስስ ሶል ያለው ይሁን፤ ወፍራም ቦት ፔዳሉን አያሰማም፣ ሸበጥ ደግሞ ያመልጣል።

አቀማመጥ

አሠልጣኛችን የመጀመሪያውን ሰዓት ሞተር ሳናስነሣ አሳለፈን። እኔ በልቤ አጉረምርሜያለሁ፤ አሥር ዓመት ነድቼ መቀመጥ ሊያስተምረኝ ነው ብዬ። ሲጨርስ ግን አራታችንም የወንበራችንን ቦታ ቀይረን ነበር።

ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጡ፤ ጉልበት በዚያን ጊዜም ትንሽ እንደ ታጠፈ መቅረት አለበት። አውቶማቲክ ከሆነ በፍሬኑ ለኩት። ቀጥሎ ትከሻችሁን ከመደገፊያው ሳታነሡ ክንዳችሁን ዘርጉ፤ የእጅ አንጓ በመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። መዳፍ ብቻ ከደረሰ ርቃችኋል። የራስ መደገፊያው ጫፍ ከራስ ቅላችሁ ጫፍ ጋር ይስተካከል። እጆች በሰዓት ሰሌዳ ላይ 9 እና 3 ቁጥሮች ባሉበት ቦታ ይያዙ። ስፖኪዮ የሚስተካከለው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ከመካከላችን ረጅሙ ሳሎኑ ሶፋ ላይ ያለ ይመስል ተጋድሞ ይነዳ ነበር። በእንዲህ ያለ አቀማመጥ ፍሬን በሙሉ ኃይል ሲረገጥ፣ ፔዳሉ ከመውረዱ ይልቅ ሰውየው ወደ ኋላ ይገፋል።

ፍሬን

ሰዓት ቢያጥራችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህን አድርጉ። አብዛኛው ሾፌር በዕድሜው ሙሉ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦ አያውቅም። የመጀመሪያው ጊዜ አህያ ድንገት መንገድ የገባች ዕለት እንዲሆን መፍቀድ የለበትም።

1. መሬቱ ላይ በኖራ መስመር አስምሩ። ፍሬን የሚረገጠው የፊት ጎማ መስመሩን ሲነካ ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም።

2. መጀመሪያ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሂዱና መስመሩ ላይ በሙሉ ኃይል ርገጡ። ፍሪሲዮኑንም አብራችሁ ርገጡ። ኤ.ቢ.ኤስ. (ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል) ያለው መኪና ፔዳሉ እግር ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ይንጓጓል። አትደንግጡ፣ አትልቀቁ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። አሮጌ መኪና ከሆነና ጎማው ተቆልፎ ከተንሸራተተ፣ ጎማው እንደገና እስኪዞር ብቻ ላላ አድርጋችሁ መልሳችሁ ርገጡ።

3. የቆማችሁበትን በሜትር ለኩ። ደረቅ አስፋልት ላይ አምስት ሜትር ገደማ ይሆናል።

4. አሁን ፍጥነቱን ወደ 60 ከፍ ታደርጋላችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት ግን ዳር ቆመው የሚያዩት ሁሉ መኪናው ይቆምበታል ብለው በገመቱት ቦታ ቆባቸውን አስቀምጠው ወደ ቦታቸው ይመለሱ።

እኛ ቆቦቻችንን አሥር ሜትር አካባቢ ደረደርን፤ ፍጥነቱ እጥፍ ነው፣ ርቀቱም እጥፍ ይሆናል ብለን። የግቢው ዘበኛ ግን ሳቅ ብለው ዱላቸውን ከሁላችንም አርቀው፣ ሃያ ሜትሩ ጋ አጋደሙት። መኪናው የሁላችንንም ቆብ ጨፍልቆ ዱላው አጠገብ ቆመ። «ጋሼ፣ እንዴት አወቁ?» ስንላቸው፣ ዓመታት ሙሉ እዚያ በር ላይ መኪና ሲቆም ማየታቸውን ነገሩን። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የማቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ዓይን አይቶ እግር እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢወስድ፣ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 17 ሜትር አልፋችኋል። ጠጠር ላይ ከሆነ ሁሉም ይረዝማል፤ ኤ.ቢ.ኤስ.ም ልቅ ጠጠር ላይ ርቀቱን ሊያስረዝመው ይችላል።

5. በመጨረሻ መስመሩን ተዉት። አሠልጣኙ «ቁም!» ባለበት ቅጽበት ርገጡ። የአንዱ ሴኮንድ ትርጉም የሚገባችሁ እዚህ ላይ ነው።

በየአራት ሙከራው መኪናውን ለአሥር ደቂቃ በዝግታ እየነዳችሁ ፍሬኑን አቀዝቅዙ።

ጀሪካኖቹ

ስድስት ቢጫ ጀሪካን ውሰዱ፤ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ትንሽ ትንሽ ውኃ ጨምሩባቸው። ድንጋይ አታስቀምጡ። በ15 ሜትር ርቀት ደርድሯቸውና በመካከላቸው በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተጥመዝመዙ።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ ላይ የሚመታው አትኩሮ ያየውን ጀሪካን ነው። እጅ ዓይንን ይከተላል። አንዱን ገና ሳታልፉት ዓይናችሁ ቀጣዩ ላይ፣ ከቀጣዩም በኋላ ባለው ክፍተት ላይ ይረፍ። ይህን የሚያስተካክል ሌላ ዘዴ የለም፤ መደጋገም ነው። ከፍ ያለ ፒካፕ ወይም ላንድክሩዘር ያላችሁ በዝግታ ብቻ አድርጉት፤ እነዚህ መኪኖች ከመንሸራተት ይልቅ መገልበጥ ይቀናቸዋል።

ክቡ

30 ሜትር ስፋት ያለው ክብ በኖራ አስምሩና መሬቱን በውኃ አርጥቡት። በ20 ኪሎ ሜትር ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። 30 ላይ ስትደርሱ ገደማ የፊት ጎማ በሚነዱት እንደ ቪትዝ ባሉት መኪኖች ላይ መሪው እየዞረ መኪናው ግን ወደ ውጭ ይሸሻል። እጅ ወዲያው መሪውን የበለጠ መጠምዘዝ ያምረዋል። ያ ያባብሰዋል። ነዳጁን ቀነስ፣ መሪውን ትንሽ ፈታ አድርጉ፤ ጎማው መልሶ ይይዛል።

አሠልጣኛችን ይህን ሲያስረዳ ያለው እስከ ዛሬ ይረዳኛል፦ የጎማ ጉልበት አንድ እንጀራ ነው። ለፍሬን የቆረሳችሁትን ለመዞር አታገኙትም። ስለዚህ ፍሬን ከኩርባው በፊት፣ መንገዱ ገና ቀጥ ባለበት ይጨርስ፤ ኩርባው ውስጥ ያለውን እንጀራ ሁሉ መሪው ይብላው። የኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ያላችሁ ጅራቱ ሲሸሽ ዓይናችሁን ልትሄዱበት ወደምትፈልጉት አቅጣጫ አድርጉ፣ መሪውን ጅራቱ ወደሸሸበት አዙሩ፣ ፍሬን አትንኩ። ከፍ ያሉት መኪኖች ከዚህ ልምምድ ይቅሩ።

የጓደኛ ነገር

ከጓደኞች ጋር መምጣት ደስታው ብዙ ነው፤ አደጋውም ያው ጓደኝነቱ ነው። ሥልጠናው ውድድር የሚሆነው «እሱ ስንት ነዳ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ነው። እኛ የተስማማንበት እንዲህ ነው። በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው አንድ መኪና ብቻ ነው። ከሾፌሩና ከአሠልጣኙ ሌላ ማንም አይሳፈርም። የሚመለከቱት የሚቆሙት በመነሻው በኩል ነው፤ በማቆሚያው መስመር ጫፍና በክቡ ዙሪያ ማንም አይቆምም። አንድ ሰው በተራ በሩን ይጠብቃል፣ ልጆችና በጎች የት እንደሚወጡ አይታወቅምና። ማንም እጁን ከፍ ካደረገ ሁሉም ይቆማል፤ ለምን አይባልም። ደከመኝ ያለም አይለመንም።

ምሳው ቀለል ያለ ይሁን። ጥሬ ሥጋ በልቶ ክቡ ላይ የወጣ ጓደኛ ነበረን፤ ዝርዝሩ ይቅር።

ጣርማበር

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሜዳውን ጨርሳችሁ ወደ ጣርማበር ሂዱ። ይህ የሕዝብ መንገድ ነው፤ ፍጥነቱም ሌላውም በሕጉ ነው። የምትለማመዱት መውረድን ብቻ ነው። ሲመሽና ጉም ሲኖር አትሞክሩት።

ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ከ500 ሜትር በላይ ይረዝማል። ከመግባታችሁ በፊት መብራት አብሩ፣ የፀሐይ መነጽር አውልቁ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቀንሱ፤ ውስጡ መቅደም የለም። መንገዱ ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,800 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ይህን በቁጥር አሰብኩት፤ መኪናው ቀላልም ይሁን ከባድ፣ በዚህ ቁልቁለት የሚለቀቀው ኃይል መኪናውን በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 45 ጊዜ ቀጥ አድርጎ ከማቆም ጋር እኩል ነው። ጥቂቱን ንፋሱ ይወስዳል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ የፍሬን ሸራው ይቃጠልበታል።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ። እንደ መኪናው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ፤ አውቶማቲክ ላይ «2» ወይም «ኤል» የሚለው። ነዳጅ ሳትሰጡ መኪናው እየፈጠነ ከሄደ አሁንም አንድ ቀንሱ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ይጩኽ። ፍሬን ስትነኩ ጠንከር አድርጋችሁ በአጭሩ ቀንሱና ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፤ እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ ነው እኛን ያቃጠለን። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ በዜሮ ማርሽ አትውረዱ። ጭነት ይዞ ለሚወጣ ከባድ መኪና መንገድ ልቀቁ፤ እሱ አንዴ ከቆመ መነሣት ይቸግረዋል።

ደብረ ሲና ላይ ቡና ጠጡ። ከመግባታችሁ በፊት እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ ቸርኬው አስጠጉ። ሙቀቱ ፊት የሚገርፍ ከሆነ በፍሬን ወርዳችኋል። ውኃ አትድፉበት፤ የጋለ ብረት ይጣመማል። የእጅ ፍሬንም አትሳቡ፤ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ።

ስትመለሱ ሌላ ጉዳይ አለ። በዚህ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል፤ አዲስ አበባ ላይ የለመዳችሁት መቅደም እዚህ አይሠራም። የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ ውጡ። ጣርማበር ላይ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከፈላባችሁ ቆማችሁ ጠብቁ እንጂ የራዲያተሩን ክዳን አትክፈቱ።

በማግስቱ

የቸርኬ ብሎኖችን መልሳችሁ አጥብቁ። የጎማውን ጠርዝ በእጅ ዳብሱ፤ የፊቱ ውጫዊ ጠርዝ ተላጭቶ ከሆነ ክቡ ላይ መሪ አብዝታችኋል። ፔዳሉ ከትናንት በፊት ከነበረው ለስልሶ ከተሰማችሁ ዘይቱ ይታይ። የተበላሸ ቆብ ካለ ለባለቤቱ ግዙለት። ለዘበኛው ጋሼም የቡና ተዉላቸው፤ በሚቀጥለው ጥር በሩን የሚከፍቱላችሁ እሳቸው ናቸው።